ስድስት ማሳ ምን ያህል ይመሰክራል?



ዛሬ የምናገረው ስለ ቲ ስርጭት ነው። ስሙ ለአብዛኞቻችሁ እንግዳ አይደለም። ኤስፒኤስኤስ ከፍታችሁ፣ ሁለት ቡድን መርጣችሁ፣ «ኦኬ» የሚለውን ተጭናችሁ፣ የወጣውን ሠንጠረዥ ምዕራፍ አራት ላይ ያስገባችሁ ብዙ ናችሁ። አዲሱን ዘር የተጠቀመና ያልተጠቀመ አርሶ አደር፣ ብድር ያገኘና ያላገኘ ቤተሰብ፣ መስኖ ያለውና የሌለው ማሳ ይነጻጸራል። የምዕራብ ሐረርጌን ግብርና የሚመለከት የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ስትገልጡ ቲ ቴስት የሌለበት ማግኘት ይቸግራል።

ኮምፒውተሩ ስሌቱን አያዛባም። የሰጠነውን ቁጥር ተቀብሎ ሳይሰለች በትክክል ያሰላል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተዛመደ፣ ስንቱ ራሱን የቻለ ማስረጃ፣ ስንቱ ደግሞ የጎረቤቱ ድጋሚ እንደሆነ ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ማሳው ላይ ቆሞ የመዘነው ሰው ነው። ያ ሰው የሚያውቀውን ለሶፍትዌሩ ካልነገረ፣ የሚወጣው ውጤት ስሌቱ ትክክል ሆኖ ፍርዱ የተሳሳተ ይሆናል። ዛሬ አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ እኛ ዘንድ የሚበረታበት ምክንያት አለ። ከአሰቦትና ከሚኤሶ ቆላ ተነስታችሁ የጨርጨርን ተራራ ይዛችሁ ወደ ጭሮ ስትወጡ፣ ከዚያም ወደ ገመቺስ ወይም ወደ ሂርና ስትዘልቁ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና ደጋውን ታያላችሁ። ዝናቡ ይለያል፤ አፈሩ ይለያል፤ የሚዘራው የማሽላ ዓይነትም ይለያል። አንዱ ማሳ ላይ ማሽላው ለብቻው ቆሟል፤ ሌላው ላይ በጫት መስመር መካከል ገብቷል፤ ሦስተኛው ላይ አቀንጭራ ወርሶታል። ስለዚህ በአርሶ አደርና በአርሶ አደር መካከል ያለው የምርት ልዩነት ሰፊ ነው፤ አንድ አዲስ ዝርያ ከሚያመጣው ልዩነት በብዙ ይበልጣል።

በዚያ ላይ ናሙናችን ትንሽ ነው። ነዳጅና አበል ይቆጠራል፤ ከማሳው ላይ ቆርሶ ለሙከራ የሚሰጥ አርሶ አደርም ብዙ አይደለም። ለዚህ አካባቢ ከሚሠራው ከመቻራ የግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ እዚሁ ጭሮ ካለው ከኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በአርሶ አደር ማሳ ላይ የሚሞክር ባለሙያ፣ እጁ ላይ የሚቀሩት አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ማሳዎች ቢሆኑ የሚደንቅ አይደለም። ትንሽ ናሙናና ሰፊ ልዩነት የምንሠራበት ሁኔታ ነው፤ ማፈሪያ አድርገን ልናየው አይገባም።

ቲ ስርጭት የተወለደውም ከዚሁ ዓይነት ችግር ነው። ዊሊያም ሲሊ ጎሴት ኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1899 እ.ኤ.አ. ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከፊቱ የነበረው ጥያቄ የገብስና የብቅል ጥያቄ ነበር። የትኛው ዝርያ ይሻላል? የትኛው ማሳ የተሻለ ሰጠ? ሙከራው የሚካሄደው በጥቂት እርሻዎች ላይ ሲሆን የዘመኑ ስታትስቲክስ የሚናገረው ደግሞ በመቶና በሺህ ስለሚቆጠር ናሙና ነበር። ከ1906 እስከ 1907 ለንደን የስታትስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን ዘንድ ቆየ፤ በ1908 መልሱን «ባዮሜትሪካ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በገዛ ስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈልግ የፈረመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው።

ሥራውን ያጣራበት መንገድ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የ3000 እስረኞች ቁመትና የግራ እጅ የመሃል ጣት ርዝመት ተመዝግቦ ነበር። ጎሴት እነዚህን ልኬቶች በ3000 የካርቶን ቁራጮች ላይ ጻፋቸው፤ በደንብ አደባለቃቸው፤ ከዚያ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣ። የእያንዳንዱን ናሙና አማካይና ልዩነት በእጁ አስልቶ፣ በሒሳብ የደረሰበት ኩርባ ከካርቶኖቹ ውጤት ጋር መግጠሙን አየ። ዛሬ አር በተባለው ፕሮግራም ላይ አንድ መስመር ጽፈን በአንድ ትንፋሽ መቶ ሺህ ናሙና የምናወጣበትን ሲሙሌሽን እሱ በመቀስና በእርሳስ ሠራው።

ያገኘው ነገር ይህ ነው። አማካዩ ምን ያህል እንደሚታመን ለመናገር፣ ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን መራራቅ ግን የምንገምተው ከእነዚያው ከጥቂቶቹ ቁጥሮች ነው፤ ግምቱ ራሱ ይዋዥቃል። አራት ማሳ በአጋጣሚ ተቀራራቢ ምርት ሲሰጥ ባለሙያው ሙከራው የጠራ ይመስለዋል፤ ምናልባት ዕድል ብቻ ነው። የቲ ስርጭት ጅራት ከኖርማል ስርጭት ወፈር ያለው ለዚህ ድንቁርናችን ክፍያ እንዲሆን ነው። ሌላው የስታትስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በኋላ የነጻነት ደረጃ የሚለውን ሐሳብ፣ በአንድ ናሙና ከቁጥሮቹ ብዛት በአንድ የሚያንሰውን፣ ጨምሮ ዛሬ በሶፍትዌር የምናገኘውን መልክ ሰጠው።

ክፍያው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ለ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ኖርማል ስርጭት የሚሰጠው ማባዣ 1.96 ነው። በቲ ግን በሁለት ማሳ 12.706፣ በሦስት 4.303፣ በአራት 3.182፣ በስድስት 2.571፣ በአሥር 2.262፣ በሠላሳ 2.045 ይሆናል። ይህን ማባዣ በማሳዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ስታካፍሉት፣ ከአማካዩ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው ወሰን ከስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ ይታያል። በሁለት ማሳ ዘጠኝ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በአራት 1.6 እጥፍ ነው፤ በስድስት 1.05፤ በአሥር 0.72፤ በሠላሳ 0.37። ከሁለት ማሳ ወደ አራት ለመድረስ የሚወጣው ነዳጅ ወሰኑን ከአምስት እጥፍ በላይ ያጠብበዋል። ገንዘብ አጥሮን ከሁለት ማሳ ጋር ልንቀር ሲቃጣን፣ ለኃላፊዎቻችን ልናሳያቸው የሚገባው ይህን ስሌት ነው።

በዚህ አጋጣሚ «ናሙናው 30 ካልሞላ አይታመንም» የሚለውን ነገር ላንሳ። ተማሪው እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ አማካሪውም አያርመውም። ነገሩ የመጣው የታተመ የቲ ሠንጠረዥ እያገላበጡ ይሠራ ከነበረበት ዘመን ነው፤ ከ30 በላይ ሲሆን ማባዣው ለ1.96 ስለሚቀርብ በኖርማሉ መሥራት ይቀል ነበር። ዛሬ ሶፍትዌሩ ለስድስትም ለስድስት ሺህም ቲን ያሰላል። 30 ላይ የሚከፈት በር የለም። ናሙናው ትንሽ ሲሆን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሮቹ ከኖርማል መልክ በጣም የራቁ እንዳይሆኑ፣ አንዱ ማሳ ብቻውን ውጤቱን እንዳይጎትተው ማየት ያሻል። እሱን ለማየት ስድስቱን ነጥብ በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ምሳሌው ልግባ። ቁጥሮቹን ለዚህ ንግግር እኔው ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የየትኛውም ሙከራ ውጤት አይደሉም። ስድስት አርሶ አደሮች እያንዳንዳቸው በአንድ ማሳ ላይ የአካባቢውን ማሽላና አዲሱን ዝርያ ጎን ለጎን ዘሩ እንበል። ምርቱ በኩንታል በሄክታር፣ የአካባቢው 14፣ 18፣ 22፣ 27፣ 31፣ 20፤ አዲሱ በዚያው ቅደም ተከተል 19፣ 19፣ 26፣ 26፣ 37፣ 23። የአካባቢው አማካይ 22፣ የአዲሱ 25 ነው። ሦስት ኩንታል ብልጫ አለ።

እነዚህን ቁጥሮች ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች አድርጋችሁ ብታስገቡ ቲው 0.81፣ ፒ ቫሊዩው 0.44 ገደማ ይወጣል። «ልዩነቱ ሲግኒፊካንት አይደለም» ትላላችሁ፤ ዝርያውም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ብታስገቡ ግን ሶፍትዌሩ በየማሳው ያለውን ብልጫ ይወስዳል፤ 5፣ 1፣ 4፣ ከዜሮ በታች 1፣ 6፣ 3። አማካዩ ያው 3 ነው፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ግን 2.61 ብቻ ነው። ቲው 2.82፣ የነጻነት ደረጃው 5፣ ፒ ቫሊዩው 0.037።

ማሽላው ያው ነው፤ ቁጥሮቹም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ለሶፍትዌሩ የተነገረው ነገር ነው። በመጀመሪያው ስሌት 14 ኩንታል በሚሰጥ የቆላ ማሳና 31 በሚሰጥ ማሳ መካከል ያለው ርቀት የዝርያውን ሦስት ኩንታል ዋጠው። በሁለተኛው እያንዳንዱ አርሶ አደር ከራሱ ጋር ስለተነጻጸረ የአፈሩና የዝናቡ ልዩነት ወደቀ። ጎሴትም ገብስን በጠባብ መስመር ጎን ለጎን እየዘሩ በጥንድ የማነጻጸርን ዘዴ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ደግፏል፤ በ1930ዎቹ በዚሁ ጉዳይ ከወዳጁ ከፊሸር ጋር ተከራክሯል። ፊሸር መደቦቹ በዕጣ ይደልደሉ ይል ነበር። እኔ በዕጣው ከፊሸር ጋር ነኝ፤ ግን በጥንዱ ውስጥ የትኛው ዝርያ በቀኝ የትኛው በግራ እንደሚዘራ ዕጣ ቢወጣ ሁለቱንም ማስታረቅ ይቻላል።

ጎሴት በዚያው በ1908 ጽሑፉ የተጠቀመበት አንድ እውነተኛ መረጃ ዛሬም አር ውስጥ ተቀምጧል፤ «ስሊፕ» ይባላል። ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሚሺጋን ውስጥ ካላማዙ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለአሥር ሕሙማን የተለያዩ የእንቅልፍ መድኃኒቶችን ሰጥተው የተጨመረውን እንቅልፍ በሰዓት መዝግበዋል፤ ያሳተሙት በ1905 ነው። ኮምፒውተር ያላችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት። የሁለቱን መድኃኒቶች ቁጥር ሳታጣምሩ ብታስገቡ ፒ ቫሊዩው 0.079 ይወጣል። አሥሩን ሕሙማን እያንዳንዳቸውን ከራሳቸው ጋር ስታጣምሩ ቲው 4.06፣ የነጻነት ደረጃው 9፣ ፒ ቫሊዩው 0.0028 ይሆናል። የአማካዩ ልዩነት በሁለቱም 1.58 ሰዓት ነው።

ጥንድ የሚታወቀው በመዝገቡ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። አር ላይ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ዓምድ፣ ቡድኑን በሌላ ዓምድ አድርጎ «ጥንድ ነው» ማለት ለዓመታት ይቻል ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚያጣምረው በረድፍ ቅደም ተከተል ነበር። አንድ ሰው መረጃውን በምርት መጠን ቢደረድረው የአንዱ ማሳ ከሌላው ማሳ ጋር ሲጋባ ማንም አያይም። ከ4.4.0 እትም ጀምሮ በዚያ መልክ ማዘዝን ፕሮግራሙ አይቀበልም። ጥሩ አድርገዋል። ስለዚህ የየማሳውን መለያ ቁጥር የሚይዝ ዓምድ በመዝገባችሁ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይኑር፤ ለእያንዳንዱ አርሶ አደር አንድ ረድፍ፣ የአካባቢውና የአዲሱ ዝርያ በሁለት ዓምድ።

ብዙዎቻችን የምንሠራው በኤክሴል ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ቲ.ቴስት» የሚለው ትእዛዝ በመጨረሻው ቦታ ላይ አንድ አኃዝ ይጠይቃል፤ 1 ጥንድ፣ 2 እኩል ቫሪያንስ ያላቸው ቡድኖች፣ 3 ቫሪያንሳቸው እኩል ያልሆነ ቡድኖች ማለት ነው። በእኛ ምሳሌ 1 ብትጽፉ 0.037፣ 3 ብትጽፉ 0.44 ይመልሳል፤ ቲውን ራሱን ስለማያሳይ ስህተቱ አይታወቅም። «ኮንፊደንስ» የሚለው የድሮ ትእዛዝ ደግሞ የሚሠራው በኖርማል ስርጭት ነው። ለስድስቱ ብልጫዎች 2.09 የሚል ወሰን ይሰጣል፤ በ2010 እትም የመጣው «ኮንፊደንስ.ቲ» 2.74 ይላል። በመጀመሪያው ብልጫው ከ0.9 እስከ 5.1 ኩንታል ነው ትላላችሁ፤ በሁለተኛው ከ0.3 እስከ 5.7። ለዘርና ለማዳበሪያ ብድር ለሚገባ አርሶ አደር፣ ዝቅተኛው ተስፋ አንድ ኩንታል ሊሞላ የቀረበ መሆኑና ከሲሶው በታች መሆኑ አንድ አይደለም።

ማባዣውን በሚያወጣው ትእዛዝም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለአሥር ማሳ 2.262 እንፈልጋለን እንበል። የድሮው «ቲኢንቭ» 0.05 እና 9 ሲሰጠው ሁለቱንም ጅራት አስቦ 2.262 ይላል። ነጥብ የገባበት «ቲ.ኢንቭ» ያንኑ ሲሰጠው የግራውን ጅራት ብቻ ወስዶ ከዜሮ በታች 1.833 ይላል። አር ላይ «ኪውቲ» 0.975 እና 9 ይፈልጋል። ስታታ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የነጻነት ደረጃውን አስቀድሞ፣ የቀኙን ጅራት 0.025 አስከትሎ ነው የሚቀበለው። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። አዲስ ፕሮግራም ስትከፍቱ መልሱን የምታውቁትን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ 9 የነጻነት ደረጃ ሰጥታችሁ 2.262 ካልመለሰ ሌላ ነገር እየሠራ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የነጻነት ደረጃ ነው። ሀብሮ ላይ፣ ገለምሶ ዙሪያ፣ አምስት የቡና ማሳ መረጣችሁ እንበል። በየማሳው የአሥር እግር ቡና ፍሬ መዘናችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ 50 ረድፍ ሞላ። ሶፍትዌሩ 49 የነጻነት ደረጃ ይሰጣችኋል፤ ማባዣው 2.01 ይሆናል። ጥያቄያችሁ ግን ስለ ማሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአካባቢው የቡና ማሳ በአማካይ ስንት ይሰጣል የሚል ከሆነ፣ ያላችሁ ማስረጃ አምስት ማሳ ነው። በአንድ ማሳ ላይ ያሉ አሥር እግሮች አንድ አፈር፣ አንድ ጥላ፣ አንድ ገበሬ ይጋራሉ፤ አሥረኛው እግር ከዘጠኙ የተለየ ወሬ ብዙም አያመጣም። ትክክለኛው የነጻነት ደረጃ 4፣ ማባዣው 2.776 ነው። ከማባዣው ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ ስታንዳርድ ኤረሩ ነው፤ በ5 ስኩዌር ሩት መካፈል ሲገባው በ50 ተካፍሎ ያለ አግባብ ያንሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የየማሳውን አማካይ አውጡና ቲ ቴስቱን በአምስቱ አማካይ ላይ ሥሩ። አሥሩን እግር መመዘናችሁ ከንቱ አልቀረም፤ የእያንዳንዱን ማሳ አማካይ አጥርቶላችኋል። በእኔ እምነት፣ አንድ አማካሪ መምህር የተማሪውን ሠንጠረዥ ከማየቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ቁጥር የስንት ማሳ ነው?» የሚል ነው።

ጥንድ ማድረግም ብቻውን ጥያቄያችንን ሁልጊዜ አይመልስም፤ የሐረርጌ ሰንጋ የማድለብ ጥናትን ውሰዱ። በሬዎቹን በመጀመሪያና በመጨረሻ መዝናችሁ በጥንድ ብታነጻጽሩ ፒ ቫሊዩው ትንሽ ይሆናል፤ መሆኑም አይቀርም፤ የተቀለበ በሬ ይወፍራል። ጥንዱ ትክክል ቢሆንም አዲሱ መኖ ከድሮው ይበልጥ እንደሆነ አይናገርም፤ በድሮው መኖ የተቀለበ ሌላ ቡድን ያስፈልጋል።

የማይጣመሩ ቡድኖች ሲኖሩን፣ ዘሩን የተቀበሉ 40 ቤተሰቦችና ያልተቀበሉ 110 ቤተሰቦች እንበል፣ ኤስፒኤስኤስ ሁለት ረድፍ ያወጣል። የላይኛው የሁለቱ ቡድን ቫሪያንስ እኩል ነው ብሎ ያሰላል፤ የታችኛው ያንን አይገምትም። ተማሪዎች አስቀድመው የሌቪንን ቴስት አይተው ይመርጣሉ። እኔ ሁልጊዜ የታችኛውን ውሰዱ እላለሁ። ዌልች የተባለው እንግሊዛዊ በ1947 ያወጣው ስሌት ነው፤ ቫሪያንሱ እኩል ቢሆንም የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ እኩል ካልሆነ ደግሞ ያድናል። አር ሌላ ካላዘዛችሁት የሚሰጣችሁ ይህንኑ ነው፤ ስታታ ግን ካልነገራችሁት እኩል ብሎ ይነሳል። የነጻነት ደረጃው 17.776 የሚል ክፍልፋይ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ስሌቱ እንደዚያ ነው፤ እንዳለ ጻፉት።

ስትጽፉም «ፒ = 0.000» አትበሉ። የቆዩ የኤስፒኤስኤስ እትሞች ሦስት አኃዝ ላይ ስለሚቆርጡ እንጂ ዜሮ የሆነ ፒ ቫሊዩ የለም፤ ከ0.001 በታች ብላችሁ አስፍሩ። ከኮከብ ምልክቱ ይልቅ የብልጫውን መጠን በኩንታል፣ ወሰኑን፣ የነጻነት ደረጃውን፣ ጥንድ መሆን አለመሆኑን ጻፉ። የልማት ሠራተኛው ለአርሶ አደሩ ሊነግረው የሚችለው ኩንታሉን ነው።

ወደ ስድስቱ ማሳዎች አንድ ጊዜ ልመልሳችሁ። አራተኛው አርሶ አደር የአካባቢው ማሽላ 27፣ አዲሱ 26 ሰጥቶታል። ቲ ቴስቱ ይህን ሰው በስታንዳርድ ዲቪዬሽን ውስጥ ጠቅልሎ አልፎታል፤ ማድረግ የሚችለው ይህንን ነው። እናንተ ግን ከማሳው ድረስ ሄዳችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ግሪሳ ገብቶበት ነው? ዘግይቶ ዘርቶ ነው? ወይስ የራሱ ዘር ለዚያ ማሳ የተመረጠ ሆኖ አዲሱ የሚጨምርለት ነገር የለም? ስድስት ማሳ ብቻ ሲኖረን ስድስቱንም በስም ማወቅ እንችላለን፤ ብዙ ናሙና ያለው ሰው ይህን ዕድል አያገኝም።

አሁን ፕሮጀክተሩ ላይ ኤክሴልም አርም ተከፍተዋል። መረጃ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከማሳው መለያ ዓምድ እንጀምር።